ቤት ሠራሽ የፍልሚያ ችሎታ ሚዛኑን ሳይስት እንዴት ይሠራል?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የምናብ ባሕሪ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን ጨዋታ የሚያጫውት ሰው ይዋል ይደር እንጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣበታል፦ «ጠላት ሰንዝሮ ሲስተኝ ወዲያው መልሼ ብመታውስ? የኔ ሰይፈኛ እኮ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው።» ሐሳቡ ያምራል። ዲኤሙ፣ ማለትም አጫዋቹ፣ «እሺ፣ ይሁን» ይላል። ጥቂት ፍልሚያዎች ካለፉ በኋላ አንዱ ተጫዋች ጭራቁን ብቻውን ይጨርሰዋል። ሌሎቹ ተራቸው እስኪደርስ ስልካቸውን ይጎረጉራሉ።

ሐሳቡ ምንም አልበደለም። ዋጋ ሳይቆረጥለት ነው የገባው። ቤት ሠራሽ፣ በተለምዶ ሆምብሩ የምንለው ሕግ ሚዛን ሲስት ሁሉም ሰው የጉዳት ቁጥሩን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ተጫዋቹ ለዚያ ችሎታ ሲል ምን እንደተወ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አልተወም። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁለት ጥያቄ እየደጋገሙ ይጠይቃሉ፦ ይህን ለማድረግ ምን ይከፈላል? ስንት ጊዜስ ይደረጋል?

ምሳሌያችን ያቺው የመልስ ምት ናት። ከሐሳብ እስከ ተጻፈ ሕግ እሷኑ ይዘን እንሄዳለን። ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አምስተኛው እትም ናቸው። በ2024 የታደሰውን የምትጫወቱ ከሆነ አንዳንድ ችሎታዎች ተቀይረዋል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

1. ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩት

ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያደርግ ይናገር። «ከባድ ጥሩር የለበሰ ሰይፈኛ፣ ጠላት ሰንዝሮ ሲስተው፣ ክፍተቱን ተጠቅሞ ይመታል።» ዳይስም የለም፣ ሌቨልም (የባሕሪው የዕድገት ደረጃ) የለም። በኋላ ቁጥር ስትነካኩ ከሐሳቡ መውጣት አለመውጣታችሁን የምታዩት በዚህች መስመር ነው።

ከዚያ ይህ ነገር ቀድሞ እንዳለ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አለ። ተጫዋቹ የሚፈልገው የበረዶ ቀስት ከሆነ፣ ያለውን የእሳት ድግምት ወስዳችሁ የጉዳቱን ዓይነት ወደ ብርድ መቀየር ይበቃል። ስሙና መልኩ ይለወጣል፣ ሒሳቡ የተሞከረው ይሆናል። እንዲህ ካለቀላችሁ የቀረውን መመሪያ ማንበብም አያስፈልጋችሁም።

2. ጨዋታው የቆመበትን ቁጥር ዕወቁ

አምስተኛው እትም ቁጥሮቹን ሆን ብሎ ጠባብ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጣቸው። ፕሮፊሸንሲ ቦነስ (ባሕሪው በሠለጠነበት ነገር ላይ ዳይሱ ላይ የሚደመርለት ቁጥር) ከ+2 ይነሣና 17ኛ ሌቨል ላይ +6 ደርሶ ይቆማል። በሃያ ሌቨል ጉዞ የሚጨምረው አራት ብቻ ነው። አሁን አንድ ቤት ሠራሽ ችሎታ ለመምታት +3 ይሰጣል እንበል። አንደኛ ሌቨል ላይ ያለ ጀማሪ በአንዴ የ13ኛ ሌቨል ሰው ፕሮፊሸንሲ ያዘ ማለት ነው። ለዚህ ነው እዚህ ጨዋታ ላይ ቋሚ ጭማሪን እንደ ውድ ዕቃ መቁጠር ያለባችሁ።

ሁለተኛው ነገር የመምታት ዕድል ነው። ደህና የተሠራ ተዋጊ ተመጣጣኝ ጠላት ሲገጥመው ከመቶ 60 ወይም 65 ጊዜ ያህል ይመታል። ለሒሳብ ይህን ያዙ።

ሦስተኛው አድቫንቴጅ ነው። ሁለት ዲ20 (ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ) ጥሎ ትልቁን መውሰድ ቀላል ስጦታ ይመስላል። ለመምታት 11 የሚያስፈልገው ሰው ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይዘላል። ያ +5 ማለት ነው። 20 ብቻ የሚያስፈልገው ሰው ግን ከ5 ወደ 9.75 በመቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አድቫንቴጅ የሚጠቅመው መካከል ላይ ነው፤ የፍልሚያው አብዛኛው ክፍል ደግሞ እዚያው መካከል ላይ ነው ያለው። «ሁልጊዜ አድቫንቴጅ አለህ» የሚል ቤት ሠራሽ ሕግ ካያችሁ ብዕራችሁን አንሡ።

ሌላ ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን ክፍል ለራሳችሁ ጨዋታ ሥሩት። ለምሳሌ ፓዝፋይንደር ሁለተኛው እትም ለአንድ ተራ ሦስት አክሽን (ድርጊት) ይሰጣል፤ በዚያው ተራ ሁለተኛው ምት −5፣ ሦስተኛው −10 ይቀነስበታል። ከሚያስፈልገው ቁጥር በ10 ያለፈ ምት ደግሞ ክሪቲካል፣ ማለትም ከተለመደው በላይ የሚጎዳ ምት፣ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ +1 መምታቱንም ክሪቲካሉንም አብራ ታሳድጋለች። ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ችሎታን እንደ ወረደ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

3. የሚመስለውን ነባር ችሎታ ፈልጋችሁ አጠገቡ አስቀምጡት

ለመልስ ምታችን መለኪያ መፈለግ አያደክምም። ባትል ማስተር የሚባለው የፋይተር (የተዋጊ ባሕሪ ዓይነት) ዘርፍ ሪፖስት የሚል ስልት አለው፦ ጠላት በቅርብ ውጊያ ሲስተው ሪአክሽኑን (በሌላ ሰው ተራ ላይ የሚደረገውን የአጸፋ ድርጊት) ተጠቅሞ አንድ ጊዜ ይመታል። ታዲያ ለዚህ አንድ ሱፒሪየሪቲ ዳይስ ይከፍላል። ሦስተኛ ሌቨል ላይ ያሉት አራት ናቸው፤ የሚመለሱለት አጭር ወይም ረጅም ዕረፍት ሲያደርግ ነው። በእርግጥ ዳይሱ ከነካ ጉዳቱ ላይ ይደመርለታል።

ነባሩ ጨዋታ ለዚህች ምት ሁለት ነገር አስከፍሏል ማለት ነው፤ ሪአክሽን እና የሚያልቅ ዳይስ። የኛ ተጫዋች የጠየቀው ሁለተኛውን ክፍያ ማስቀረት ነው። ይህን ማየት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው።

ሁሉም ነባር ነገር ግን ጥሩ መለኪያ አይደለም። ፋየርቦል የሚባለውን ዝነኛ የእሳት ድግምት አትያዙ። የጨዋታው የዲኤም መመሪያ ድግምት ለሚፈጥሩ ሰዎች ባወጣው ሠንጠረዥ፣ ብዙ ሰው የሚመታ የሦስተኛ ደረጃ ድግምት 6ዲ6 (ስድስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ) ጉዳት ያድርስ ይላል፤ አማካዩ 21 ነው። ፋየርቦል 8ዲ6 ነው፤ አማካዩ 28። ስመ ጥር ስለሆነ የተሰጠው ጉርሻ ነው ብላችሁ እለፉት። ከእሱ ጋር አመሳስላችሁ የሠራችሁት ሁሉ ከሠንጠረዡ በላይ ይወጣል።

ግሬት ዌፐን ማስተር የሚባለው ችሎታም እንዲሁ ነው። በ2014ቱ ሕግ ከመምታት ቁጥሩ 5 ቀንሶ ጉዳቱ ላይ 10 ይጨምራል። አምስተኛ ሌቨል ላይ ያለ፣ ጉልበቱ 18 የሆነ ሰው በባለ ሁለት እጅ ትልቅ ሰይፍ ኤሲው (እሱን ለመምታት ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባው የመከላከያ ቁጥር) 15 የሆነ ጠላት ሲገጥም፣ ያለ ችሎታው በአንድ ተራ በአማካይ 15 ያደርሳል። በችሎታው 17.5 ይሆናል። እስካሁን ደህና ነው። አድቫንቴጅ ስትጨምሩበት ግን ያለ ችሎታው 20.7፣ በችሎታው 28.2 ይሆናል። ባርቤሪያን የሚባለው የተዋጊ ዓይነት ደግሞ አድቫንቴጅን በፈለገ ሰዓት ነው የሚያመጣው። በ2024ቱ እትም ይህ የአምስትና አሥር ልውውጥ ቀርቷል። ብቻውን ሲታይ ልከኛ የሆነ ችሎታ ከሌላ ጋር ሲጋባ ምን እንደሚወልድ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

4. ዋጋውን ምረጡ

ተጫዋች የሚከፍልባቸው ኪሶች ጥቂት ናቸው። አክሽን፣ በተራ ላይ የሚደረገው ዋና ድርጊት፣ ትልቁ ነው። ቦነስ አክሽን፣ ትንሿ ተጨማሪ ድርጊት፣ ቀጥሎ ይመጣል፤ ዋጋው ግን እንደ ሰውየው ይለያያል። ሮግ (ሌባ መሰሉ ቀልጣፋ ባሕሪ) ቦነስ አክሽኑን በየተራው ይጠቀማል፤ ጋሻና ሰይፍ የያዘ ፋይተር አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ያሳልፈዋል። ለፋይተር «ቦነስ አክሽን ይከፍላል» ማለት በነፃ ከመስጠት ብዙም አይርቅም።

ሪአክሽን ደግሞ አታላይ ነው። በየዙሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ውድ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ተዋጊዎች ዙሩን ሙሉ ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። ጠላት አጠገባቸው ቆሞ ከተዋጋ ምን ላይ ያውሉታል? የኛ የመልስ ምት የገባችው እዚህ ባዶ ኪስ ውስጥ ነው።

ከዚያ የሚቆጠሩ ነገሮች አሉ፤ በአጭር ዕረፍት የሚመለሱ፣ በረጅም ዕረፍት የሚመለሱ፣ የድግምት ስሎቶች (ድግምት በተጣለ ቁጥር የሚያልቁ ቦታዎች)። እዚህ ላይ የራሳችሁን ጠረጴዛ ሐቅ ተመልከቱ። የ2014ቱ የዲኤም መመሪያ አንድ የጀብዱ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ፣ መሐል ላይ ሁለት አጭር ዕረፍት እንዲይዝ አድርጎ ነው የሚያሰላው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እንደዚያ የሚጫወት ቡድን ብርቅ ነው። እናንተ በቀን አንድ ትልቅ ፍልሚያ ብቻ የምታደርጉ ከሆነ «በረጅም ዕረፍት ሦስት ጊዜ» የሚለው ገደብ ገደብ አይደለም። ፍልሚያው ሦስት ዙር ከቆየ በየዙሩ አንዴ ነው።

ኮንሰንትሬሽንም አለ፤ በአንድ ጊዜ አንድ እንዲህ ያለ ድግምት ብቻ ይዞ መቆየት ማለት ነው። የሚቆይ ውጤት ያለው ድግምት ከሆነ ኮንሰንትሬሽን ጠይቁ። ያለዚያ ተጫዋቹ ሦስት አራቱን ይደራርበዋል።

5. አስሉት

ሒሳብ ለምትፈሩ፦ አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ነው። የመምታት ዕድል ሲባዛ በአማካይ ጉዳት፣ ሲደመር የክሪቲካል ጭማሪ። የዳይስ አማካይ ማለት ትልቁ ቁጥር ሲደመር አንድ፣ ሲካፈል ለሁለት ነው። ዲ8 አማካዩ 4.5 ነው።

ፋይተራችን አምስተኛ ሌቨል ላይ ነው። አራተኛ ሌቨል ላይ ምርጫ ነበረው፤ ወይ ጉልበቱን ከ16 ወደ 18 ያሳድጋል፣ ወይ የኛን ችሎታ ይወስዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ተፎካካሪ ይህ የጉልበት ዕድገት ነው። ችሎታውን ከምንም ጋር አታወዳድሩት፤ ተጫዋቹ ከሚተወው ነገር ጋር አወዳድሩት።

ጉልበቱን ቢያሳድግ፦ ለመምታት +7 አለው። የጠላት ኤሲ 15 ከሆነ 8 እና ከዚያ በላይ ይበቃዋል፤ 65 በመቶ። ረጅም ሰይፉ 4.5 ሲደመር 4፣ 8.5 ያደርሳል። በተራው ሁለቴ ይመታል። 0.65 × 8.5 × 2 = 11.05፣ ክሪቲካሉ 0.45 ይጨምራል። ድምሩ 11.5።

ችሎታውን ቢወስድ፦ ለመምታት +6፣ ዕድሉ 60 በመቶ፣ ጉዳቱ 7.5። 0.6 × 7.5 × 2 = 9፣ ከክሪቲካሉ ጋር 9.45። አንድ ምት ብቻዋን 4.7 ገደማ ናት።

ጉልበት ማሳደግ በየተራው 2 ያህል ይጨምርለታል ማለት ነው። የመልስ ምቱስ? እሱ የሚወሰነው ጠላት ስንት ጊዜ በመሳቱ ነው። ፋይተራችን ሙሉ የብረት ጥሩር ለብሶ ጋሻ ይዟል፤ ኤሲው 20። +6 ያለው ጭራቅ ሁለቴ ይሰነዝርበታል። ጭራቁ ለመምታት 14 ያስፈልገዋል፤ 35 በመቶ። ሁለቱም ምቶች የሚነኩበት ዕድል 0.35 × 0.35፣ 12 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው 88 በመቶ ላይ ቢያንስ አንዱን ይስታል። ስለዚህ የመልስ ምቷ በየዙሩ ማለት ይቻላል ትሠራለች። 0.88 × 4.7፣ ከ4 በላይ ጉዳት በየዙሩ።

ከጉልበት ዕድገቱ እጥፍ ሆነች። እዚህ ላይ ነው «እሺ፣ ይሁን» የተባለው ነገር ጉዱ የሚወጣው። ሌላም ነገር አለ፤ ኤሲ በጨመረ ቁጥር ችሎታዋ ትጠነክራለች። ኤሲው 15 ለሆነ ሰው ይኸው ጭራቅ ቢያንስ አንዴ የሚስተው 64 በመቶ ላይ ነው። ሲጀመር የማይነካውን ሰው ለአለመነካቱ ሌላ ሽልማት እየሰጠነው ነው።

መፍትሔው ምቷን ማድከም ይመስላል። እኔ ግን መጀመሪያ ብዛቷን እነካለሁ። ተጫዋቹ የፈለገው ያቺ ቅጽበት እንድትመጣ ነው፤ ስትመጣ ደግሞ ጠንካራ ሆና ትምጣ። ስለዚህ «በፕሮፊሸንሲ ቦነሱ ቁጥር ልክ፣ በአጭር ወይም በረጅም ዕረፍት ይመለሳል» እንበል። አምስተኛ ሌቨል ላይ ሦስት ናት።

ቀኑ አራት ፍልሚያ፣ እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ መሐል ላይ አንድ አጭር ዕረፍት ይኑረው። ጉልበት ያሳደገው ሰው በ12 ዙር 24.6 ተጨማሪ ጉዳት ያገኛል። የኛው ስድስት የመልስ ምት ነው ያለው፤ 28 ገደማ። ቀኑን ወደ ስድስት ፍልሚያና ሁለት ዕረፍት ብናረዝመው 37 ለ42.5 ይሆናል። ችሎታዋ ትንሽ ትመራለች፤ ግን ሪአክሽን ትበላለች፣ ጠላት መሳቱንም ትጠብቃለች። ጉልበት ያሳደገው ደግሞ በር ሲሰብርም ሲታገልም ይጠቀምበታል። ለኔ ይህ በቂ ነው። አሥራ አምስት በመቶ ልዩነት ጠረጴዛ ላይ ማንም አያየውም።

6. ለሌላ ሰው እጅ ስጡት

ችሎታውን ለፋይተር አስባችሁ ጻፋችሁት። የሚያነበው ግን ሮግ ነው።

ስኒክ አታክ፣ ማለትም የሮግ ተጨማሪ የጉዳት ዳይስ፣ በአንድ *ተራ* አንድ ጊዜ ይሠራል፤ በአንድ *ዙር* አንድ ጊዜ አይልም። ሮጉ በራሱ ተራ ተጠቅሞበት፣ በጠላት ተራ ላይ ሪአክሽን ሲያገኝ ሁኔታው ከተሟላለት እንደገና ይጠቀምበታል። አምስተኛ ሌቨል ላይ ስኒክ አታክ 3ዲ6 ነው። ቅልጥፍናው 16 የሆነ ሮግ በቀጭን ሰይፍ በተራው 11.5 ገደማ ያደርሳል። የመልስ ምት ስትጨመርለት የሠራችበት ዙር ላይ ሌላ 11.5 ያገኛል። ለፋይተሩ 4.7 የሰጠችው ምት ለሮጉ ከእጥፍ በላይ ሰጠች። እርግጥ ሮጉ አምስተኛ ሌቨል ላይ ጉዳትን በግማሽ የሚቀንስበት የራሱ ሪአክሽን ያገኛል፣ ኤሲውም ዝቅ ያለ ነው። ቢሆንም እጥፍ እጥፍ ነው።

መዝጊያው ቀላል ነው። ከባድ ጥሩር መልበስን ቅድመ ሁኔታ አድርጉ። የመጀመሪያዋን መስመራችንን አስታወሳችሁ? «ከባድ ጥሩር የለበሰ ሰይፈኛ» ነበር ያልነው። ሮግ በራሱ ክላስ (የባሕሪ ዓይነት) ከባድ ጥሩር አይችልም። ክላስ ቀላቅሎ የሚመጣ ይኖራል ብላችሁ ከሠጋችሁ «በዚህች ምት ላይ ሌላ ተጨማሪ የጉዳት ዳይስ አይደመርም» የምትል አጭር ሐረግ ጨምሩ። እኔ ሁለቱንም እጨምራለሁ።

በዚሁ ደረጃ የአይጥ ከረጢቱንም ፈትኑ። «ጠላት በገደለ ቁጥር ይህን ያገኛል» የሚል ሕግ ከጻፋችሁ አንድ ቀን ተጫዋቹ ከረጢት ሙሉ አይጥ ተሸክሞ ይመጣል። ጭራቁ ፊት ቆሞ አንዷን አይጥ ይገድልና ሽልማቱን ይሰበስባል። ቀልድ ይመስላል፤ በተጫዋቾች ዘንድ ግን ስም የወጣለት የቆየ ብልጠት ነው። «አደገኛ ጠላት» የሚል ቃል ማስገባት ብዙውን ይዘጋዋል።

7. ጉዳት የሌለውን ነገር ከጉዳት በላይ ፍሩት

የጉዳት ቁጥር ይሰላል። ተራ መንጠቅ ግን አይሰላም። አራት ተጫዋቾች አንድ ትልቅ ጭራቅ ሲገጥሙ፣ ጭራቁ አንድ ተራ ካጣ የወገኑን ተራ በሙሉ አጣ ማለት ነው።

ነባሩ ጨዋታ ይህን እንዴት እንደያዘው እዩ። ሆልድ ፐርሰን የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ድግምት ሰውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ግን ስሎት ይበላል፣ ኮንሰንትሬሽን ይጠይቃል፣ የሚሠራው ሰው መሰል ፍጡር ላይ ብቻ ነው፣ የተያዘውም በየተራው መጨረሻ ለመላቀቅ እንደገና ዳይስ ይጥላል። አራት ልጓም። የናንተ ቤት ሠራሽ መዶሻ «የተመታ ሁሉ አንድ ተራ ይደነዝዛል» ካለ ልጓሙ የታለ? መግፋት፣ መጣል፣ ፍጥነት መቀነስ በጣም ይሻላሉ። ፍልሚያውን ያንቀሳቅሱታል እንጂ አያቆሙትም።

የመቋቋሚያ ዳይሱን ዓይነት ስትመርጡም አትቸኩሉ። ትልልቅ ጭራቆች በአካል ጥንካሬ ጎበዝ ናቸው፤ በአእምሮ ብዙዎቹ ደካማ ናቸው። ያው ውጤት በአእምሮ ዳይስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ስለ ኤሲ አንድ ነገር ብቻ። +1 ኤሲ ለሁሉም እኩል አይደለም። ጠላት 55 በመቶ ይነካው የነበረ ሰው ወደ 50 ሲወርድ ከሚደርስበት ጉዳት ዘጠኝ በመቶ ያህል ይቀንስለታል። 20 በመቶ ብቻ ይነካው የነበረው ወደ 15 ሲወርድ ግን ሩቡ ይቀንስለታል። ስለዚህ ከጋሻም ከጥሩርም በላይ የሚደረብ ኤሲ ስትሰጡ የምትሰጡት ቀድሞ ላልተቸገረው ሰው ነው።

8. ጠበቃ እንደሚያነበው አድርጋችሁ ጻፉት

የነባሩን ሕግ አነጋገር ተከተሉ። መቼ እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚከፈል፣ ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚመለስ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። የኛ ችሎታ ተጽፎ ይህን ይመስላል፦

*የመልስ ምት።* ቅድመ ሁኔታ፦ ከባድ ጥሩር የመልበስ ችሎታ። ከባድ ጥሩር ለብሰህ ሳለ፣ በአምስት ጫማ ርቀት ውስጥ ያለና የምታየው ጠላት በቅርብ ውጊያ ሰንዝሮ ሲስትህ፣ ሪአክሽንህን ተጠቅመህ በእጅህ ባለው የቅርብ መሣሪያ እሱን አንድ ጊዜ ማጥቃት ትችላለህ። በዚህ ጥቃት ጉዳት ላይ ከመሣሪያው ዳይስ ሌላ ተጨማሪ ዳይስ አይደመርም። ይህን በፕሮፊሸንሲ ቦነስህ ቁጥር ልክ መጠቀም ትችላለህ፤ አጭር ወይም ረጅም ዕረፍት ስትጨርስ ሁሉም ይመለሳሉ።

«የምታየው» የሚለው የማይታይ ጠላትን ጥያቄ ይዘጋል። «አምስት ጫማ» የሚለው ረጅም እጅ ያለውን ጭራቅ ነፃ ያወጣዋል፤ ያ ሆን ተብሎ ነው፣ ጭራቁም ማምለጫ ይኑረው። «እሱን» የሚለው ቃል ከሌለ ተጫዋቹ ጎን ያለውን ሌላ ጠላት ይመታል። «በአምስትና ከዚያ በላይ ከሳተህ» የሚል ነገር ልጨምር ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ይቅርባችሁ። ዲኤሙ በየምቱ መቀነስ ሊሠራ ነው፣ ፍልሚያው ይጎተታል።

9. ሞክሩት፣ ቀድማችሁም ተነጋገሩ

ችሎታው ወደ ዘመቻው ከመግባቱ በፊት ከተጫዋቹ ጋር ለብቻ ሁለት የሙከራ ፍልሚያ አድርጉ። አንዱ ብዙ ትንንሽ ጠላቶች ያሉበት፣ አንዱ አንድ ትልቅ ጭራቅ ያለበት ይሁን። ብዙ ችሎታዎች በአንዱ ልከኛ፣ በሌላው ግን ቅጥ ያጡ ይሆናሉ። የመልስ ምታችን ትንንሾቹ ተጫዋቹን ሲከቡት ሁሌ ትነሣለች፤ ግን ሪአክሽን አንድ ስለሆነ ትያዛለች።

ወደ እውነተኛው ጨዋታ ስትገባ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ተጫዋቹ ሳያስብ በደረሰ ጊዜ ሁሉ ይጠቀምባታል ወይስ ይመርጣል? ተራው ስንት ደቂቃ ወሰደ? ሌሎቹ ስትነሣ ምን ዓይነት ፊት ያሳያሉ? የመጨረሻው ከሒሳቡ በላይ ይነግራችኋል። ቁጥሯ ልክ ሆና የጓደኛን ሥራ የምትቀማ ችሎታ አለች። ቡድኑ ውስጥ ባትል ማስተር ካለ የመልስ ምትን ለሌላ ሰው መስጠት አልደግፍም፤ ያ ሰው ሪፖስቱን በዳይስ እየገዛ ነው።

ማስተካከል ካስፈለገ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ብዛቱን፣ ከዚያ ቅድመ ሁኔታውን፣ በመጨረሻ ጉዳቱን። ፍልሚያ መሐል አትቀይሩ። ፍልሚያው ይለቅና በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ ላይ አዲሱን ጽሑፍ በእጁ ስጡት።

ይህ ሁሉ ያለ ኩርፊያ የሚያልፈው በመጀመሪያው ቀን «ይህ ሙከራ ነው፣ ሊቀየር ይችላል» ከተባለ ነው። ከተቀየረ ደግሞ ተጫዋቹ ችሎታውን ጥሎ በምትኩ ያንን የጉልበት ዕድገት የመውሰድ መብት ይኑረው። በባሕሪው ወረቀት ላይ የድሮውን ጉልበት በእርሳስ ጻፉለት።